ለንብ የሚሆን ተክል ፈልጋችሁ ችግኝ ቤት ብትሄዱ

አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ዳር ችግኝ ቤት ሞልቷል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህማ ችግኝ የማይሸጥበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ይሄ ጽሑፍ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተሰጠ አስተያየት ነው። ስሙን አልጠራም። ጥፋቱም ጥሩነቱም የብቻው አይደለም፤ ሌሎቹም ጋ ብትሄዱ የሚጠብቃችሁ ያው ነው።

ይዤ የሄድኩት ጥያቄ አጭር ነው። ግቢዬ ውስጥ ንብ፣ ቢራቢሮና አበባ የምትቀስም ወፍ የሚቀልብ፣ ደግሞም የአገራችን የሆነ ተክል ይሸጣሉ ወይ? መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይሸጣሉ። ግን አያሳዩአችሁም።

በሩ ላይ የተደረደረው ሌላ ነው። ቦገንቪሊያ በየቀለሙ፣ ፓልም፣ ዱራንታ፣ ለአጥር የሚከረከም የፈረንጅ ጽድ፣ በትልልቅ ማሰሮ የተተከለ ድርብ ጽጌረዳ። ያምራል፣ አልዋሽም። ገና እግሬን ሳስገባ አንድ ጎረምሳ መጣና «ሲስተር፣ ይቺን ውሰጂ፣ ዓመቱን ሙሉ አበባ ናት፣ ውሃም አትፈልግ» ብሎ ወደ ቦገንቪሊያው መራኝ። ንብ ትመጣባታለች ወይ ስለው «ኧረ በፍጹም! ከንብ ነጻ ናት» አለኝ። ንብ ጠልቼ የጠየቅሁት መስሎት ነው። አልፈረድኩበትም፤ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠይቀው።

ልጁ ያለው ደግሞ እውነት ነው። የቦገንቪሊያ ያ ሁሉ ቀይና ሐምራዊ ነገር አበባ አይደለም፣ ቀለም ያለው ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ነጭ ቱቦ ናት። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ የኛ ንብ ብዙም አትደክምበትም። ድርቡ ጽጌረዳም ያው ነው። መሃሉ እስኪጠፋ ድረስ ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበው አበባ፣ ወንዴው ክፍል በማዳቀል ብዛት ወደ ቅጠልነት ስለተቀየረ፣ ለንቧ የሚተርፋት የአበባ ዱቄት ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ለሰው ዓይን ድግስ፣ ለንብ ጾም።

አንድ ምክር ልስጣችሁ። ችግኝ ቤት ስትገቡ ከሻጩ ጋር ወሬ አትጀምሩ። ጸሐይ የወጣበት ጠዋት ምረጡና ዝም ብላችሁ ትንሽ ቁሙ። ንቦቹ የት ነው ያሉት? እዚህ ቤት በሩ አካባቢ አንድ ንብ አላየሁም። ከጀርባ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ ከተቀደደ የጥላ መረብ ሥር ግን ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ሄጄ ሳይ ማንም የማይገዛው ጥግ ነው። በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት የተተከለ ዳማከሴ አብቦ ቆሟል፤ አጠገቡ ጤና አዳም፣ ከሱ ቀጥሎ ቁመቱን ሰው ያከለ ግራዋ። ዳማከሴው ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አበባው ትንሽ ነው፣ ነጣ ያለ፣ በዘንጉ ዙሪያ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ የወጣ። ንቧ ከታች ትጀምርና እየዞረች ወደ ላይ ትወጣለች። ጫፍ ስትደርስ ወደሚቀጥለው ዘንግ ግርጌ ትወርዳለች፣ እንደገና ከታች። አንድም አትዘልም። የኋላ እግሯ ላይ የያዘችው ዱቄት ደብዛዛ ብርቱካናማ ነበር።

የዚያ ጥግ ኃላፊ ሸምገል ያሉ አትክልተኛ ናቸው። «አባባ፣ ይሄ ይሸጣል?» ስላቸው ሳቁ። «ይሸጣል እንጂ ልጄ፣ ግን ምች የመታው ሰው ካልሆነ ማን ይገዛዋል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት አገልግሎት አሪፍ ነበር፤ ለዚህ ቤት የምሰጠው ነጥብ በሙሉ የእሳቸው ነው።

አሁን ስለ ተክሎቹ ላውራ፣ ምን ገዝታችሁ ምን እንደምትተዉ።

ግራዋን ማንም ያውቀዋል፣ ለጠላ ጋን ማጠቢያ። ቅጠሉ መራራ ነው፣ አበባው ግን ሽታው ጣፋጭ ነው። በበጋው፣ የመስከረሙ አበባ ሁሉ ደርቆ ሜዳው ቢጫ ሳር ብቻ በሚሆንበት ጊዜ ነው የሚያብበው። ለዚህ ነው አንደኛ የማደርገው። ንቦች መስከረምና ጥቅምት ላይ ችግር የለባቸውም፤ አደይ አበባው፣ መጩ፣ ማገጡ አለ፣ ዋናው ማርም የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ችግሩ ሌላው ጊዜ ነው፣ በተለይ ደረቁ በጋና ዝናብ የማያባራው ክረምት። ግቢያችሁን ለንብ ስታስቡ «ምን ያምራል?» ከማለት በፊት «መቼ ያብባል?» በሉ። ግራዋን ደግሞ መግዛት እንኳን ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ጎረቤት ካለው ጭራሮ የሚያክል ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በክረምት ብትሰኩት ይይዛል። ዛፍ እንዳይሆንባችሁ አበባው ካለፈ በኋላ ከርክሙት።

ቀጋን ጠይቁ። አጥር ላይ የሚወጣ፣ እሾህ ያለው፣ ነጭ አበባ፣ ቀይ ፍሬ። ልጅ ሆናችሁ ፍሬውን ያልበላችሁ ካላችሁ አዝናለሁ። ይቺ የአገራችን ጽጌረዳ ናት፤ በሐሩር አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ሌላ ጽጌረዳ የለም። አበባዋ አምስት ቅጠል ብቻ ነው፣ መሃሉ ክፍት፣ ዙሪያውን ቢጫ ዱቄት የተሞላ። ንቧ ገብታ ትንከባለልበታለች። ከበሩ ላይ ከነበረው ድርብ ጽጌረዳ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጡት ንቧ የቱን እንደምትመርጥ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። እዚህ ቤት ቀጋ አልነበረም። አባባ «ማን ጠይቆን ያውቃል?» ነው ያሉት። ካዘዝኳቸው ከሚያውቁት ሰው እንደሚያስመጡልኝ ነገሩኝ፣ ቀብድም አልጠየቁም።

አጥር ለምትፈልጉ ከቀጋ ሌላ አጋምና ሰንሰል አሉ። አጋም ነጭ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ አበባ አለው፤ ጥቁር ፍሬው ይበላል፣ እሾሁም ለሌባ ጥሩ መልስ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰንሰል (ስሚዛ የምትሉትም አላችሁ) እሾህ የለውም፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቅርንጫፉን ወርውራችሁት ብትሄዱ እንኳን ሊበቅል የሚፈልግ ነገር ነው። ገጠር ስንት አጥር እሱ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ሰው እሱን ነቅሎ ዱራንታ ይተክላል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ጌሾም አለ፣ እዚህ ቤት በርከት ያለ። አበባው አረንጓዴ ሆኖ በጣም ትንሽ ስለሆነ ካላያችሁት አትፈረዱም፣ ንቦች ግን ያዩታል። ማሩንም ጌሾውንም ከአንድ ግቢ አግኝቶ ጠጅ የሚጥል ሰው ባውቅ ደስ ይለኛል።

ወፍ ለሚወድ ራስ ክምር። ብርቱካናማ አበባው በአንድ ዘንግ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ፎቅ በፎቅ ይወጣል። ያቺ ረጅም ጎባጣ ምንቃር ያላት፣ ጸሐይ ሲያርፍባት የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ እሱ ላይ ናት ሁሌ። እሬትም ታዘወትራለች፤ ስለዚህ እሬት ለፊት ቅባት ብቻ አትትከሉት፣ ሲያብብም ተዉት። ራስ ክምር እንደ አረም ስለሚቆጠር ችግኝ ቤት አይሸጥም፤ እንጦጦ አካባቢ የመንገዱ ዳር ላይ ታገኙታላችሁ። ዘሩ ሲደርቅ ትንሽ መልቀም ይበቃል።

አደይ አበባም እንደዚያው ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እቅፍ እቅፉን የሚሸጡላችሁ ተቆርጦ ነው፣ አይተከልም። ዘሩን አበባው ደርቆ ሲጠቁር፣ ኅዳር ገደማ ከሜዳ ሰብስቡ፤ ሰኔ ላይ አፈሩን ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት። ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ያለመስከረም አያብብም የሚባለው ነገር ለንብ ጥሩ ዜና ባይሆንም፣ መስከረምን ያለ አደይ ማሳለፍ ደግሞ ነውር ነው።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩም ይሆናል። በረንዳ ላይ ዳማከሴ፣ በሶብላና ጦስኝ በማሰሮ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ያድጋሉ። በሶብላውን ለበርበሬ ብላችሁ ገና ሳያብብ አትጨርሱት፤ ግማሹን ተዉት፣ አራተኛ ፎቅም ቢሆን ንቧ ትመጣለች። ጦስኝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚህ ቤት «ጦስኝ» ብለው የሚሸጡት የፈረንጁ ነው። የኛው ዝቅ ብሎ መሬት ላይ የሚነጠፍ፣ የደጋ ተክል ነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተራሮች ውጪ አይበቅልም። ሻይ ውስጥ ጣል ያደረገው ሰው በሽታው ይለየዋል። ውሃ ስታበዙበት ይሞታል፤ አፈሩ ላይ ጠጠር ጨምሩበት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

«አገር በቀል» የሚለው ቃል እዚህ ቤት እንደ ጨው ይነሰነሳል። ግሬቪሊያው አገር በቀል፣ ቁንዶ በርበሬው አገር በቀል፣ ጃካራንዳው ሳይቀር። ግሬቪሊያ ከአውስትራሊያ ነው የመጣው፣ ሁለቱ ከደቡብ አሜሪካ። ሰፈራችን ውስጥ አብረውን ስላደጉ ዘመድ መስለውናል እንጂ። ልጁን ስነግረው «ያው ነው እኮ፣ እዚሁ ነው የፈላው» አለኝ። እዚሁ መፍላቱማ ልክ ነው!

ግን የባሰው ስህተት በሌላ በኩል ያለው ነው። አገር በቀል ሁሉ ለንብ አይሆንም። ጽድና ዝግባ የኛው ናቸው፤ የአገር ጽድ ማለቴ ነው፣ በሩ ላይ ያለው የፈረንጁ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ውድ ዛፎች ናቸው፣ ቦታ ያለው ሰው ይትከላቸው። ነገር ግን የሚራቡት በነፋስ ስለሆነ ንብ የምትቀስመው ፈሳሽ የላቸውም። ልጁ ለንብ ብዬ ስጠይቅ ጽድ አንስቶ የሰጠኝ ለዚህ ነው የሚያስቀኝ። በተቃራኒው ደግሞ ባህር ዛፍ መጤ ነው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ፤ ንቦች ግን ይወዱታል፣ ስንቱ አናቢ በእሱ ነው የሚኖረው። እና ባህር ዛፍ ልትከል? ግቢ ውስጥማ አይሆንም፣ ሥሩ ሌላውን ሁሉ ያደርቃል። የወፍ ቆሎም እንደዚህ ያለ ፈተና ነው። ችግኝ ቤቱ ላንታና ብሎ በየቀለሙ ይሸጠዋል፣ ቢራቢሮ አይለየውም። ፍሬውን ወፍ በልታ የትም ትጥለዋለች፤ ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ የግጦሹን መሬት ምን እንዳደረገው ያየ ሰው አይገዛውም። እምቦጭም እኮ በየአገሩ የገባው በሐምራዊ አበባው ውበት ነው፤ ጣና ላይ ምን እንደሠራ ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላው ቅሬታ መርጨት ነው። እዚያ ቆሜ ሳለሁ በሩ ላይ ያሉትን ማሰሮዎች አንድ ሠራተኛ በጀርባው በተሸከመው መርጫ ይረጫቸው ነበር፣ ጓንት የለ፣ ማስክ የለ። ምን እንደሚረጭ ስጠይቀው «የትል መድኃኒት» ብቻ ነው ያለኝ። ዕቃው ላይ የተጻፈው ተፍቋል። ይሄ ቀልድ አይደለም። አንዳንዱ ፀረ ተባይ፣ ለምሳሌ ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ቅጠሉ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ተክሉ ውስጥ ገብቶ እስከ አበባው ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት እሱንና ሁለት መሰሎቹን እ.ኤ.አ. በ2018 ሜዳ ላይ እንዳይረጩ ያገደው በንብ ምክንያት ነው። ለንብ ብላችሁ የገዛችሁት ተክል ንቧን ቢገድላትስ? ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት «መድኃኒት ተረጭቶበታል?» በሉ። ቅጠሉ ትንሽ የተበላ ችግኝ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። አባባ ጥግ ያሉት አይረጩም፤ ገዢ ስለሌላቸው ማንም መድኃኒት አያባክንባቸውም።

ዋጋ የሚቆረጠው በመጣችሁበት መኪና ነው። በእግራችሁ ሂዱ። የጥጉ ችግኞች ግን ርካሽ ናቸው፤ አንድ ትልቅ ቦገንቪሊያ በሚገዛበት ዳማከሴ፣ ጌሾና ግራዋ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ስትገዙ ከረጢቱን ከሥር እዩት። ሥሩ ቀዳዳውን ወጥቶ ከታች መሬት ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ወይም ውስጡ ተጠምዝዞ ከሆነ፣ ተዉት፤ ትልቅ መሆኑ አያታልላችሁ። ትንሿና ሥሯ ያልተጨነቀችው ቶሎ ትይዛለች።

ልጆች ያሏችሁ «ንብ ጠርተን ልትነድፈን ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አበባ ላይ ሥራዋን የምትሠራ ንብ ካልጨበጣችኋት ወይ ካልረገጣችኋት እምብዛም አትናደፍም፤ የሚያስፈራው ቀፎው ነው። ብቻ አበባውን ልጆች ከሚጫወቱበትና ከበር አጠገብ ራቅ አድርጉት። ቤት ውስጥ በንብ ንድፊያ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ግን ሐኪም ሳታማክሩ ይሄን ሁሉ አትጀምሩ።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁ አንድ ነገር ደግሞ አለ። እነሱ የሚሸጡት ተክል ነውና ስለ ባዶ መሬት አያወሩም። ጣዝማ ማሯን የምትሠራው መሬት ውስጥ ነው። ማሯ ለመድኃኒት ስንት እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ፣ እሷም አትናደፍም። ሌሎችም ብቸኛ የሆኑ፣ ቀፎ የሌላቸው ንቦች አፈር ቆፍረው ነው የሚኖሩት። ግቢውን በሙሉ በሴራሚክና በኮብልስቶን ሸፍኖ አበባ በማሰሮ የሚደረድር ሰው ለእነዚህ ቤት አልተወላቸውም። ጸሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ያልተቆፈረ ትንሽ መሬት ተዉ። ሰሃን ውስጥም ጠጠር አድርጋችሁ ውሃ አስቀምጡ፣ ጠጠሩ ንቦቹ እንዳይሰምጡ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ተክሉን አድጎ ማየት ለምትፈልጉ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማ አስተዳደሩ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ እፅዋት ማዕከል አለ። እኔ የምወደው ኮሶን ለማየት ነው። ቀያይ የተንዠረገገ አበባ፣ ለንብም ግሩም፣ ግን ትልቅ ዛፍ ነው። ችግኝ ቤቱ ውስጥ ክንድ የማይሞላ ሆኖ ስታዩት ታዝኑለትና ለጠባብ ግቢ ትገዙታላችሁ፤ መጀመሪያ ጉለሌ ሄዳችሁ ቀና ብላችሁ እዩት። ዋንዛም እንደዚሁ፤ ነጭ አበባው ንብ የሚያሳብድ ቢሆንም ጥላው የጎረቤትን ልብስ ማስጫ ሳይቀር ይወስዳል። ገተም የሚባለውንማ ለደቡብ ምዕራብ ጫካ ተዉለት፤ የዚያ አካባቢ የታወቀው ነጭ ማር ከእሱ ነው የሚመጣው፣ ለኛ ግቢ ግን አይሆንም።

ነጥብ ልስጥ። ለበሩ ከአምስት አንድ፣ ያውም ስላማረ። ለጥጉ አራት፤ አንዱን የቀነስኩት ችግኞቹ ላይ ስም የሚባል ነገር ስለሌለና ካልጠየቃችሁ ማንም ወደዚያ ስለማይመራችሁ ነው። የምትሄዱት ሰኔ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ዝናቡ አፈሩን ካራሰው በኋላ፤ በበጋ የገዛችሁትን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይዛችሁ መቸገራችሁ ነው። ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት አባባ አይኖሩም፣ ልጁ ብቻ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ቦገንቪሊያውን ሳያስይዛችሁ አይለቃችሁም።